የሚተካ አማና፦ ልብ፣ ደምና ሆርሞን በደጋው አገራችን



የዚህ እትም ትምህርታችን ስለ ልብ፣ ስለ ደምና ስለ ሆርሞን ነው። አብዛኞቻችን ይህን ርዕስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ለፈተና አጥንተንም ረስተነዋል። ዛሬ እንደገና የምናነሳው ግን ለፈተና አይደለም። በግቢ ውስጥ የደም ልገሳ ጉዳይ ሲነሳ ሦስት ጥያቄዎች አይቀሩም። አንደኛው፣ “የሰጠሁት ደም በእውነት ይተካል ወይ?” የሚል ነው። ሁለተኛው፣ “እንደ መካነ ሰላም ባለ አየሩ ስስ በሆነ ደጋ ላይ ደም መስጠት አያዳክመኝም ወይ?” የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ “ሸሪዓው ምን ይላል?” የሚል ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። ወደዚያ ለመድረስ ከልብ እንጀምር።

ልብ፦ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ገፊዎች

ልባችን የጭብጣችንን ያህል መጠን ያለው ጡንቻ ነው። በውስጡ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ናቸው። የቀኙና የግራው ወገን በግድግዳ የተለያዩ በመሆናቸው ልብን አንድ ገፊ ሳይሆን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ገፊዎች ብንለው ይቀላል። የቀኙ ወገን ከመላ ሰውነት የተመለሰውን፣ ኦክስጅኑ የቀነሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ በሳንባ ውስጥ የተቃጠለ አየሩን አራግፎ ኦክስጅን ይጭንና ወደ ግራው ወገን ይመለሳል። የግራው ወገን ደግሞ በከፍተኛ ኃይል ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል ሁሉ ይገፋዋል። ከልብ የሚወጡትን ሥሮች ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለሱትን ደም መልስ እንላቸዋለን። በሁለቱ መካከል ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች አሉ፤ ኦክስጅንና ምግብ ወደ ሴሎች የሚተላለፉት በእነዚህ ነው።

ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በዚያች ደቂቃም ወደ 5 ሊትር ደም ይገፋል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ደምም 5 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብለን ሌክቸር ስናዳምጥ እንኳ ደማችን በሙሉ በየደቂቃው አንድ ዙር ይጨርሳል ማለት ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት ልብ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። እኛ አናዘውም፣ አንቆጥረውም፣ ስንተኛም አያርፍም። ሱብሓነላህ!

ኢብኑ ነፊስ፦ ፈቂሁ ሐኪም

ደም ከቀኙ የልብ ወገን ወደ ግራው የሚያልፈው በሳንባ በኩል መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፎ የተወልን ሙስሊም ሐኪም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዐላኡዲን ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1213 ገደማ በደማስቆ አካባቢ ተወለደ። ሕክምናን በደማስቆ ኑሪ ሆስፒታል ተምሮ ወደ ካይሮ ሄደ። በዚያም ሐኪም ብቻ ሳይሆን የሻፊዒ መዝሀብ ፊቅህ አስተማሪም ነበር። በእርሱ ዘመን የሕክምናው ዓለም የሚከተለው የግሪኩን ሐኪም የጋሌንን ትምህርት ነበር። ጋሌን በልብ መካከለኛ ግድግዳ ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ደሙም በእነርሱ በኩል ከቀኝ ወደ ግራ ይሾልካል ብሎ አስተምሮ ነበር። ታላቁ ኢብኑ ሲናም ይህንኑ ትምህርት በቃኑን መጽሐፉ አቆይቶታል።

ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1242 በቃኑን የአናቶሚ ክፍል ላይ ሸርሕ ሲጽፍ ይህን አልተቀበለም። ግድግዳው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቀዳዳ የለውም፣ ስለዚህ ደሙ የግድ ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ግራው ወገን መመለስ አለበት አለ። ይህን ሲጽፍ ዕድሜው 29 ዓመት ገደማ ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ የደምን ሙሉ ዑደት የሚያስረዳውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው፤ ከኢብኑ ነፊስ ወደ 400 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ማለት ነው። የኢብኑ ነፊስ ጽሑፍ ግን ለረጅም ዘመን ተዘንግቶ ቆየና እ.ኤ.አ. በ1924 ሙሕየዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ከሚገኙ የዐረብኛ እጅ ጽሑፎች መካከል አገኘው። ኢብኑ ነፊስ በ687 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1288) ካይሮ ውስጥ ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አድርጎ ነበር። ከእርሱ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ታላላቆችን ማክበር ያሉትን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ማለት አይደለም።

ደም፦ የሚጫነውና የሚጭነው

ደም ቀይ ውሃ አይደለም። ከግማሽ በላዩ ፕላዝማ የሚባል ቢጫማ ፈሳሽ ነው፤ ምግብን፣ ጨውን፣ ሆርሞንን የሚያጓጉዘው እርሱ ነው። የቀረው ሴል ነው፤ በሽታን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕላትሌቶችና ከሁሉም በብዛት የሚበልጡት ቀይ የደም ሴሎች አሉ። ቀይ የደም ሴል ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን የተሞላ ነው። በእያንዳንዱ ሄሞግሎቢን ውስጥ አራት የብረት አተሞች አሉ፤ ኦክስጅን የሚያዘው በእነዚህ ነው። ደም ቀይ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀይ የደም ሴል ዕድሜው አጭር ነው፤ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ከዚያ በኋላ አርጅቶ በጣፊያና በጉበት ውስጥ ይፈርሳል፤ ብረቱ ግን አይጣልም፣ ተመልሶ ለአዲስ ሴል መሥሪያ ይውላል። የሚፈርሰውን ለመተካት የአጥንት መቅኔ በየሴኮንዱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ቀይ ሴሎችን ያመርታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ግማሽ መልስ እዚሁ አለ። ደም ሰጠንም አልሰጠንም፣ ዛሬ በሥራችን ውስጥ ያሉት ቀይ ሴሎች ከአራት ወር በኋላ አብዛኞቹ የሉም። ደም ተቀምጦ የሚቆይ ሀብት ሳይሆን ዘወትር የሚታደስ ነገር ነው።

ታዲያ መቅኔው ምን ያህል ማምረት እንዳለበት በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ሆርሞን ይመጣል።

የኩላሊት መልእክት

ሆርሞን ማለት አንድ አካል ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀውና በሌላ ቦታ ያለን አካል የሚያዝ የኬሚካል መልእክት ነው። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ትናንሽ ዕጢዎች የሚወጣው አድሬናሊን የፈተና ወረቀት ሲታደል ልባችንን የሚያዘልለው ነው። ቀይ ሴልን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ግን ኤሪትሮፖይቲን ይባላል፤ የሚሠራውም በዋናነት በኩላሊት ነው።

ኩላሊት ሽንትን ብቻ የሚያጣራ አካል አይደለም። የሚደርሰው ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘም ይለካል። በሴሎቹ ውስጥ ኤችአይኤፍ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቅ ፕሮቲን አለ። ኦክስጅን በበቂ ሁኔታ ሲኖር ይህ ፕሮቲን እንደተሠራ ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ሳይፈርስ ይቆይና ኤሪትሮፖይቲን የሚያሠራውን ጂን ይቀሰቅሳል። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ ወደ አጥንት መቅኔ ይደርሳል፤ መቅኔውም ምርቱን ይጨምራል። ቀይ ሴሎች በዝተው ኦክስጅኑ ሲስተካከል ኩላሊት ሆርሞኑን ይቀንሳል። ሴሎች ኦክስጅንን የሚለኩበትን ይህን ረቂቅ መንገድ የመረመሩት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 በሕክምና የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ልብ፣ ደምና ሆርሞን በመጽሐፍ ሦስት ምዕራፍ ይሁኑ እንጂ በሰውነት ውስጥ አንድ ሥራ ናቸው። ልብ ደሙን ወደ ኩላሊት ያደርሳል፤ ኩላሊት ደሙን መዝኖ ሆርሞን ይልካል፤ ልብ ያንኑ ሆርሞን ወደ መቅኔ ያደርሳል፤ መቅኔው የሠራውን ሴልም ልብ መልሶ ያዞረዋል።

ከፍታው ምን ያደርገናል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ወደ ለጋምቦና ወደ ሳይንት አቅጣጫ ስንወጣ ከፍታው ከዚህም በላይ ይጨምራል፤ የደቡብ ወሎ ከፍተኛው ተራራ አምባ ፈሪትም በዚሁ ወገን ነው። በሌላ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ከውርጭ ወደ በረሃ እንገባለን።

በደጋ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ቆላው ሁሉ 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በ2,600 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከአፋር ቆላ ወይም ከከሚሴ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ተማሪ ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ቢመታ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ቢያመው ምክንያቱ ይህ ነው። ሰውነቱ በመጀመሪያ ትንፋሹንና የልብ ምቱን በማፍጠን ጊዜ ይገዛል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኤሪትሮፖይቲኑ ከፍ ይላል፤ ከቀናት በኋላ አዳዲስ ሴሎች ይወጣሉ፤ በሳምንታት ውስጥም ይለምደዋል።

ከፍ ባለ ቦታ የቀይ ሴል መብዛት ሁልጊዜ ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም። ቀይ ሴል ከልክ ሲያልፍ ደም ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ደግሞ ልብን ያደክማል። ፔሩያዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ እ.ኤ.አ. በ1925 በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ ይህን በሽታ ገልጾታል፤ በስሙም ይጠራል።

የእኛ አገር ደገኞችስ? እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ውጤቱን አሳትሟል። በዚህ ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢን በጣም ከፍ ይላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የተገኘው አማካይ ግን በወንዶች በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ በሴቶች 15.0 ግራም ነበር። ይህ በባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚኖሩ ጤናማ ሰዎች እምብዛም የማይርቅ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ከሚኖሩት የአንዲስ ሰዎች ደግሞ በግልጽ ዝቅ ያለ መጠን ነው። ሰዎቹ ግን ያርሳሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ለብዙ ሺህ ዓመታት በደጋ የኖረ ሕዝብ ደሙን ሳያወፍር ከከፍታው ጋር የተስማማበት መንገድ አለው ማለት ነው። ሳይንቲስቶች ይህን በጂን ደረጃ እስከ ዛሬ ይመረምሩታል።

ከዚህ የምንይዘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በደጋ መኖር በራሱ ጤናማ ሰውን ደም ከመለገስ አያግድም። ሁለተኛ፣ “እኔ ደገኛ ነኝ፣ ደሜ ብዙ ነው” ብሎ በግምት መሄድም ትክክል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስን የሚለካበት መነሻ እርጉዝ ላልሆኑ ሴቶች 12 ግራም፣ ለወንዶች 13 ግራም ነው። በእኛ ከፍታ ግን በዚህ ቁጥር ላይ ከ1 ግራም በላይ እንዲታከል ይመክራል። ስለዚህ ቆላ ላይ “ደህና ነው” የሚባል ቁጥር እዚህ ላይ ደም ማነስን ሊያመለክት ይችላል። ቁጥራችሁን ተመርመሩና እወቁ፤ ትርጉሙንም ባለሙያ ይንገራችሁ።

450 ሚሊ ሊትር ስንሰጥ

አንድ ሰው ደም ሲለግስ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ካለው ደም አንድ አሥረኛ አይሞላም። ቀጥሎ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንየው።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የደም መጠን መቀነሱ ይታወቃል። አድሬናሊንና መሰሎቹ የደም ሥሮችን ጠበብ፣ የልብ ምቱን ፈጠን በማድረግ ግፊቱ እንዳይወርድ ይይዛሉ። ለጋሹ ለጥቂት ደቂቃ አረፍ እንዲልና የሚጠጣ ነገር እንዲወስድ የሚደረገው ለዚህ ነው።

በቀጣዮቹ ሰዓታት ከአንጎል ሥር ያለው ዕጢ ኩላሊት ውሃ እንዳያባክን የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ደግሞ አልዶስቴሮን በሚባለው ሆርሞን ጨው እንዲቆይ ያደርጋሉ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የፈሳሹ ክፍል ይተካል።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ኤሪትሮፖይቲን ሥራውን ይሠራል። ቀይ ሴሎቹ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ከሁሉም የሚዘገየው ብረቱ ነው። በአንድ ልገሳ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይወጣል፤ ከምግብ የምናስገባው ግን በቀን 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ነው። አስሉት፤ ወራት ይፈልጋል። በአገራችን በሁለት ልገሳ መካከል ሦስት ወር እንዲቆይ የተደረገው በዘፈቀደ አይደለም።

አንዱ ሳምንታት አለው፣ ሌላዋ ደቂቃዎች

አሁን አንዲት ወላድ እናት እናስብ። ከወግዲ ወይም ከከላላ ገጠር ወደ ጤና ተቋም የመጣች ናት እንበል። በመጨረሻው የእርግዝና ወቅት ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ማሕፀኑ በደንብ ካልተኮማተረ እናትየዋ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ልታፈስ ትችላለች። የሰውነቷ ሥርዓት እንደ እኛ ነው። አድሬናሊኗ ይወጣል፣ ልቧ ይፈጥናል፣ ኩላሊቷም ኤሪትሮፖይቲን ይልካል። ነገር ግን መቅኔው መልእክቱን ተቀብሎ አዲስ ሴል እስኪያወጣ ቀናት ይፈጃል። እርሷ ቀናት የሏትም። በአገራችን እናቶች በወሊድ ከሚሞቱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የደም መፍሰስ ነው።

ደምን በፋብሪካ መሥራት እስከ ዛሬ አልተቻለም። መቅኔዋ ሊሠራው ያልደረሰውን ደም የሚተካላት በሌላ ሰው መቅኔ ቀድሞ የተሠራ ደም ብቻ ነው። ለጋሹ የሰጠውን ለመተካት ሳምንታት አሉት፤ እርሷ ያሏት ደቂቃዎች ናቸው። ደም ልገሳ ማለት ጊዜ ያለው ሰው ጊዜ ለሌለው ማካፈሉ ነው።

ደሙም ከአደጋው በፊት ተሰብስቦ፣ ተመርምሮ፣ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። ለአካባቢያችን የሚቀርበው ትልቅ የደም ባንክ ያለው ደሴ ነው፤ መንገዱም ተራራማና ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። በዚያ ላይ ቀይ ሴል በማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 42 ቀን ብቻ ይቆያል፤ ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ያህል። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ሁለት መቶ ሰው ተሰልፎ ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ ዝም ማለት አይበቃም። በየሦስት ወሩ በተራ የሚሰጥ አነስተኛ ቡድን ይበልጣል።

በአገራችን የደም ባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ በ2012 ወደ መንግሥት ተላልፏል። ቀድሞ ደም በብዛት ይገኝ የነበረው ታማሚው ሲጨነቅ ከዘመድ በመፈለግ ነበር። ዛሬ ግን መሠረቱ በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ከእነዚህም ተማሪዎች ብዙዎቹ ናቸው።

ፊቅሁ የቆመበት ሳይንስ

ሦስተኛው ጥያቄ የሸሪዓው ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 በጅዳ ባደረገው አራተኛ ጉባኤው ስለ አካል ልገሳ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው የሰውነት ክፍሎችን በአንድ ዓይን አላያቸውም። ራሱን በራሱ የሚተካውን ከማይተካው ለየ። ራሱን ለሚተካው ምሳሌ ያደረገው ደምንና ቆዳን ነው። እነዚህን ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ እንደሚፈቀድ፣ ሰጪው ግን ለራሱ የመወሰን ሙሉ ብቃት ያለው መሆን እንዳለበትና የሸሪዓ መስፈርቶችም መሟላት እንዳለባቸው ገለጸ።

አስተውሉ፤ ዑለሞቹ ፍርዱን ያቆሙት ከላይ በተማርነው ነገር ላይ ነው። ደም ይተካል፤ ስለዚህ ጤናማ ሰው ሲሰጥ ራሱን አይጎዳም። ሦስቱ ጥያቄዎች የሚገናኙትም እዚህ ነው። ከኩላሊት ወደ መቅኔ የሚሄደው ያ ትንሽ መልእክት የአንደኛው ጥያቄ መልስ ነው፤ የሁለተኛውም፣ የሦስተኛውም መሠረት ነው። ሰውነታችን አማና ነው። ራስን ጎድቶ መስጠት አይፈቀድም፤ ተርፎ የሚተካን መስጠት ግን አማናውን መወጣት ነው። አንዲትን ነፍስ ማዳን ያለውን ክብር ደግሞ ከሱረቱል ማኢዳህ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደምን መሸጥ የተከለከለ መሆኑንም አብረን እንያዝ፤ የሚሰጠው ለአላህ ተብሎ ነው።

“ደሜ ለማን ይሄዳል?” የሚል ካለ፣ በደሙ ከረጢት ላይ የሚጻፈው የደም ዓይነት እንጂ ሃይማኖት አይደለም። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ተወልዶ፣ በአንድ ገበያ ውሎ፣ በለቅሶና በሰርግ አብሮ የኖረ ነው። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በዲናችን ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ወደ ተግባር

ለመለገስ ዕድሜ ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደት ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ከመስጠታችሁ በፊት ሄሞግሎቢናችሁና የደም ግፊታችሁ ይለካል። ደሙም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ለሚጠየቃችሁ ጥያቄ እውነቱን መልሱ፤ እዚያ ላይ መዋሸት ሌላ ሰው ላይ መፍረድ ነው።

በቅርቡ ወባ የታመመ፣ ትኩሳት ያለበት፣ መድኃኒት እየወሰደ ያለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እህት ይቆዩ። ከቆላ ገና የመጣና ከፍታውን ያልለመደ ተማሪም ለባለሙያው ይንገር፤ ለጥቂት ሳምንታት ቢታገስ ይመረጣል። ደረጃ ላይ ሁሌ የሚያለከልክ፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚመታ፣ ፊቱ የገረጣ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ልገሳ አይደለም፤ ራሱ ይመርመር። በተለይ እህቶች በየወሩ በሐይድ ብረት ስለምታጡ ሄሞግሎቢናችሁን መለካት አትርሱ። “ደም ማነስ አለሽ፣ አሁን አትሰጪም” መባል ውርደት አይደለም፤ ሳያውቁት ከመኖር ያዳነ ምርመራ ነው።

ብረትን ለመተካት ሥጋና ጉበት ቀዳሚ ናቸው። የተማሪ ኪስ ሁልጊዜ ወደዚያ ስለማይደርስ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላና ጎመን ይረዳሉ። ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ሲኖር ብረቱ በደንብ ወደ ደም ይገባል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ብረቱን ያግዱታል። ወሎ ላይ ቡና ተዉ ማለት ከባድ ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን ለአንድ ሰዓት ብታቆዩት አቦሉም በረካውም ይደርሳል፣ ብረቱም አይባክንም።

ስለ ረመዳን ብዙ ይጠየቃል። ስንጾም የኢንሱሊን መጠን ይወርዳል፤ ግሉካጎን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያዛል። ውሃ የሚያቆየው ሆርሞንም ከፍ ይላል። ሰውነቱ ፈሳሽ በሚቆጥብበት ሰዓት ደም መስጠት ለማዞር ያጋልጣል። በፊቅሁ በኩል ዑለሞች ይህን ከሒጃማ ጋር ያነጻጽሩታል። በሻፊዒ፣ በሐነፊና በማሊኪ መዝሀቦች ሒጃማ ጾምን አያፈርስም፤ በሐንበሊ መዝሀብ ግን ያፈርሳል። ቀላሉ መንገድ ከኢፍጧር በኋላ በልቶ፣ በደንብ ጠጥቶ መስጠት ነው። አስቸኳይ ሁኔታ ካለ ደግሞ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። በረመዳን ለጋሾች እንደሚቀንሱ አስታውሳችሁ ከወሩ በፊትና በኋላ ተራ ያዙ።

ለሐለቃ መወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ደም ማነስ የሚይዘው ለምንድን ነው? ከትምህርቱ በመነሳት አስረዱ።
2. ኢብኑ ነፊስ የልብ ግድግዳ ቀዳዳ የለውም ማለቱ የደምን መንገድ በተመለከተ ምን እንዲደመድም አደረገው?
3. አንድ ተማሪ ዛሬ 450 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ ፈሳሹ፣ ቀይ ሴሉና ብረቱ መቼ መቼ ይተካሉ? ሦስቱ በተለያየ ፍጥነት የሚመለሱት ለምንድን ነው?
4. የፊቅህ አካዳሚው የሚተካውን ከማይተካው አካል መለየቱ በፍርዱ ላይ ምን ለውጥ አመጣ?
5. በክፍላችሁ ወይም በዶርማችሁ በየሦስት ወሩ በተራ የሚሰጥ ቡድን ለማቋቋም ስንት ሰው ይበቃል? ስም ዝርዝሩን ማን ይይዛል?

የመጨረሻውን ጥያቄ በቃል ብቻ አትመልሱት፤ ሐለቃው ሳይበተን ስም ጻፉ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፣ የምንማረውንም ጠቃሚ ዕውቀት ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።